ቢጫዋ መኪና እንድትሰጠን

ቀን፦ ጥቅምት 5

ለኤሌክትሪክ መኪና አስመጪው ድርጅት
ለርክክብ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያዘዝናት መኪና ስለዘገየችብን፣ ለመዘግየቷም ዋናው ጥፋት የእኛ የቤተሰቡ ስለሆነ፣ በግቢያችሁ የቆመችው ቢጫ መኪና እንድትሰጠን ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች ከመሥሪያ ቤትዎ ጀርባ ባለው መንገድ፣ ከፋርማሲው አጠገብ የምሠራ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። እርስዎን በአካል አላውቅዎትም፤ የጥበቃ ኃላፊዎን ፀጉር ግን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ይህን የጠቀስኩት በእሱ በኩል ለመለማመጥ አይደለም። ሞክሬው ነበር፤ "በሥራዬ አትምጣብኝ" ብሎ አሳፍሮኛል። ሰውየው ሥራውን የሚያከብር ስለሆነ አንድ ቀን ቢያመሰግኑልኝ ደስ ይለኛል።

2. መኪናዋን ያዘዝኳት ለእናቴ ነው። እናቴ የነዳጅ ሽታ አይስማማትም። አይስማማትም ስል ትንሽ ራሷን ይዟት ይለቃታል ማለቴ አይደለም፤ ገብታ ተቀምጣ በሩ ሳይዘጋ ያጥወለውላታል። ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው በእግር የሚደረስበትን ቦታ ብቻ ነው። የሠርጌ አዳራሽ እንኳን የተመረጠው ለእናቴ እግር እንዲቀርብ ተብሎ ነው። አዳራሹ ጠባብ ስለነበር ባለቤቴ ይህን ጉዳይ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

3. እናቴ አንዲት ታላቅ እህት አለቻት። እሷ እትዬ ስለምትላት እኔም እትዬ እያልኩ ነው ያደግሁት። የምትኖረው ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥተው ወርደው በሚደርሱበት ሌላ ከተማ ነው። ዱሮ እሷ ትመጣልን ነበር፤ ዳሌዋን ካመማት ወዲህ ግን ጉዞ ቀረ። ሁለቱ እህትማማቾች በየማታው በስልክ ያወራሉ። ምን በላሽ፣ ማን መጣ፣ ያ ጉልበትሽ እንዴት ዋለ ይባባላሉ፤ ሲሰነባበቱ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ባለፈው ዓመት የዓይን ሐኪሙ ለእትዬ፣ ማየቷ እየቀነሰ እንደሚሄድና የቀነሰውም እንደማይመለስ ነገራት። እሷም ለእናቴ፣ "ዓይኔ ሳይጨልም ፊትሽን ልየው እንጂ ሌላውስ ይቅርብኝ" አለቻት። ያን ማታ እናቴ እራት አልበላችም። እኔም በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ እናንተ ዘንድ መጣሁ።

4. ከማዘዜ በፊት እናቴን ለሙከራ ይዣት መጥቼ ነበር። በአንድ እጇ ሎሚ፣ በሌላው ፌስታል ይዛ፣ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ገባች። ሠራተኛዎ ግቢውን ዙሪያውን አዙሯት ከተነሳበት ቦታ መልሶ አቆመ። እናቴ ከሻርፑ ሥር ሆና፣ "ልጄ፣ የማይነሳው ለምንድን ነው? ተበላሽቶ ነው እንዴ?" አለች። ዞረሽ ተመልሰሻል ብንላት አላመነችንም፤ ዓይኗን ገልጣ ደግማ ዞረች። ስትወርድ ሎሚውን ለሠራተኛዎ ሰጥታው፣ መርቃው ሄደች።

5. በእኛ በኩል መዘጋጀት የሚገባንን ሁሉ ተዘጋጅተናል። ቻርጅ ማድረጊያው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ ሰንብቷል። እናቴ አቧራ እንዳይገባበት ዳንቴል ሠርታ አልብሳዋለች። እዚህ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ከሰላምታ በፊት "መኪናዋስ?" ስለሚለኝ፣ ሥራ ቢያስፈታኝ መስታወቱ ላይ "ገና አልደረሰችም" የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ። አሁን ደግሞ ወረቀቱን አንብበው "ለምን?" ይሉኛል።

6. ለምን እንደዘገየች እኔም ያወቅሁት ባለፈው ሳምንት ነው። በዚያ ቀን ንዴቴ ድንገት ገንፍሎ፣ አንድ ደንበኛዬን ግማሽ ፀጉሩን ቆርጬ ወንበሩ ላይ ትቼው ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣሁ። ደንበኛዬ እስክመለስ ስለጠበቀኝ አመሰግነዋለሁ፤ ለነገሩ እንደዚያ ሆኖ የት ይሄዳል? የእንግዳ መቀበያው በር ላይ ስደርስ፣ ሥራ ላይ ናት ያልኳት ባለቤቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች። ስታየኝ ቦርሳዋን ወደ ፊቷ አነሳች። ቦርሳውን የገዛሁላት እኔ ነኝና አልተሸወድኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቤት አንዱ ሌላውን ለማስደሰት ይሯሯጣል እንጂ ምን ትፈልጋለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጠየቅ እንደ ነውር ነው የሚቆጠረው። ያዘዝኳት ነጭ ነበረች። ባለቤቴ አንድ ቀን በመንገድ ያለፈ ጥቁር መኪና አይታ "ግርማ ሞገስ አለው" ስትል ሰማሁና፣ ደስ እንዲላት ብዬ ወደ ጥቁር አስቀየርኩ። ልጄ ደግሞ አያቷ ሰማያዊ ሹራቧን ስለምትወድ ብላ ወደ ሰማያዊ አስቀየረች። ይህን የሰማችው እናቴ፣ እኔ ልጇ የመረጥኩት ነጩ ሊቀርብኝ ነው ብላ በእግሯ መጥታ ወደ ነጭ አስመለሰች። ባለቤቴ በበኩሏ፣ ነጭ ከሆነች በየጠዋቱ ሲያጥብ ወገቡን ይጎዳል ብላ አዝናልኝ፣ ያን ዕለት ግራጫ ልታስደርግልኝ ነበር የመጣችው። "ከቤተሰቤ ማንም መጥቶ ማስፈጸም ይችላል" ብዬ የፈረምኩት እኔ ስለሆንኩ በሠራተኞችዎ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቀለም የሚቀይር ደንበኛ ወደሚቀጥለው ጭነት እንደሚዛወርም ለእያንዳንዳችን ተነግሮናል። ሁላችንም፣ አንድ ጭነት ብንጠብቅ ምን እንሆናለን ብለን ነው የፈረምነው።

እንግዳ ተቀባይዋ እኔንና ባለቤቴን ትንሽ አየት አየት አድርጋን፣ "አባቴ፣ ለመሆኑ መኪናዋ የማን ናት?" አለችኝ። መልሱ ቀላል ነበር፤ መኪናዋ የእናቴ ናት። እናቴ ደግሞ ከቀለም ጋር ምንም ጉዳይ የላትም፤ የፈለገችው እህቷን ነው። እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ባለቤቴም ግራጫውን ሳትፈርም ተነሳች።

7. ልንወጣ ስንል እንግዳ ተቀባይዋ በመስኮት አሻግራ፣ ግቢው ጥግ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር የቆመች ቢጫ መኪና አሳየችን። ያዘዛት ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ትቷታል፤ ከእኛ በፊት ወረፋ የያዙት ሁሉ ተጠይቀው አንፈልግም ብለዋል። እውነቱን ለመናገር እኛም ስናያት ሳቅን። ልጄ ማታ ፎቶዋን አይታ የእንቁላል አስኳል ናት አለች። የሆነ ሆኖ እንውሰዳት ብንል፣ ከነጭ ወደ ቢጫ መሄድ የቀለም ለውጥ ስለሆነ ደንቡ ወደሚቀጥለው ጭነት ይወስደናል። እዚህ ግቢ ውስጥ የቆመችውን መኪና ለመውሰድ፣ ገና ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ጭነት እንጠብቃለን ማለት ነው። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት ሁለት ጊዜ አስደግማኛለች። እንግዳ ተቀባይዋም ከእርስዎ በቀር ይህን ሊፈቅድ የሚችል እንደሌለ በትሕትና ነገረችን።

በዚያው ማታ አራታችን ተሰብስበን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠያየቅን። ለካ ከእኛ ቤት ስለ ቀለሙ የሚገደው አንድም ሰው አልነበረም። እናቴ ለእትዬ ደወለችና ቢጫ ልትሆን ትችላለች፣ እንዳትስቂብን አለቻት። እትዬ አልሳቀችም። አሁን አሁን ጥቁሩም ሰማያዊውም አንድ ሆኖባታል፤ ነጩም ግራጫውም ከመንገዱ አይለይላትም። የጎረቤቷን ቢጫ ጀሪካን ግን እስካሁን ከመስኮቷ ሆና ታየዋለች። "ቢጫ ከሆነማ ከማዶ ጀምሮ ይታየኛል፤ ወንበሬን በር ላይ አውጥቼ ስትመጪ አይሻለሁ" አለቻት። እናቴ ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም። ልጄ አስኳል ያለችውን ቃል እዚያው ስባለች።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምንጠይቀው፦

ሀ) ቢጫዋ መኪና እንድትሰጠን፣ ይህም እንደ አዲስ የቀለም ለውጥ እንዳይቆጠርብን፤

ለ) ከዛሬ ጀምሮ ከእናቴ በቀር ከቤታችን የሚመጣ ማንኛውም ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ስለ ቀለም ቢናገር እንዳይሰማ፤

ሐ) የዓይን ሐኪሙ ለእትዬ ቀን ስላልቆረጠላት እኛም ለእርስዎ ቀን ልንቆርጥ ባንደፍርም፣ ጉዳዩን ከሌሎች ጉዳዮች ቀደም አድርገው እንዲያዩልን ነው።

ቢፈቅዱልን ፀጉርዎን ዕድሜ ልክ በነፃ እቆርጥልዎታለሁ ብዬ ጽፌ ነበር። ባለቤቴ ይህ ጉቦ ይባላል ብላ ስላሰረዘችኝ፣ እንዳልተጻፈ ይቁጠሩልኝ።

ከሰላምታና ከተረፈን ትዕግሥት ሁሉ ጋር

አመልካች፦ ፀጉር አስተካካዩ (ፊርማ)

ከላይ የተጻፈው እውነት መሆኑንና ዳግመኛ ቀለም ለማስቀየር እንደማንመጣ እናረጋግጣለን፦
ባለቤት (ፊርማ)
ልጅ (ፊርማ)
እናት (ፊርማ፤ ሎሚ እንደማያስፈልጋት ይጻፍልኝ ብላለች)

ግልባጭ፦
ለእትዬ፤ ፊደሉ ስለማይታያት ዛሬ ማታ እናቴ በስልክ ታነብላታለች