አሥራ ሁለት ፍሬ መድኃኒት

ይድረስ ለእማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ደረትሽስ? ደረጃ ስትወጪ የሚያጥርሽ ትንፋሽ ተወሽ? ደህና ነኝ እንዳትዪኝ፤ እሱን በስልክም ብለሽኛል። በጽሑፍ የመጣሁብሽ፣ በስልክ ሲሆን ወሬ ስለምትቀይሪብኝ ነው። እኔ ግራ ከመጋባት በቀር ደህና ነኝ።

የላክሽልኝ ሹራብ ሰኞ ደረሰኝ፤ ልክ በልኬ ነው። ኪሱ ውስጥ ግን በመሐረብ የተቋጠረ አሥራ ሁለት ፍሬ መድኃኒት አገኘሁ። ሐኪሙ ያዘዘልሽ የሰባት ቀን፣ በቀን ሦስት ነበር። የዋጥሽው እንግዲህ የሦስት ቀኑን ብቻ ነው ማለት ነው። ደንግጬ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። እሱም፣ «አንቺው አይደለሽ እንዴ፣ መድኃኒቱ የሰውነትን ወታደር ይጨርሳል ያልሻት፣ ይኸው የዶሮዎቹን ወሬ ሰምታ አቆመች» አለኝ። ያን ቀን ስደውልልሽ ምን አፌን እንደከፈተው እንጃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ የምሠራበት የምርምር ጣቢያ በባክቴሪያ የታመሙ ዶሮዎችን በየሽቦ ቤቱ ከፋፍለን እናክማለን። የእኔ ሥራ ደማቸውን መስታወት ላይ ቀብቼ፣ በሽታ የሚዋጉትን ነጭ የደም ሴሎች በማይክሮስኮፕ መቁጠር ነው። የደም መቁጠሪያው ማሽን አይረዳንም፤ የዶሮ ቀይ ሴል እንደ ሰው አይደለም፣ መሃሉ ላይ አስኳል ስላለው ማሽኑ ነጭ መስሎት ይቆጥረዋል። ስለዚህ እኔው በዓይኔ ስለቅም እውላለሁ። በሦስተኛው ቀን መድኃኒት ያልተሰጣቸው ዶሮዎች ነጭ ሴላቸው ጨምሯል፤ የተሰጣቸው ግን ከእነዚያ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ገረመኝና ጥናቱን የሚመራውን ዶክተር ሳልጠይቅ ላንቺ ደወልኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ።

ዶክተሩ ሲሰማ ሳቀብኝ። ጠላት ከሞተ ወታደሩ ምን ይሠራል፣ ቤቱ ይገባል እንጂ አለኝ። እፎይ አልኩ። ኋላ ግን ሳይታመሙ መድኃኒቱን የጠጡትን ስቆጥር እነሱም ትንሽ ወርደዋል። እነዚህስ የማንን ጠላት ጨርሰው ነው ቤታቸው የገቡት ብዬ ጠየቅኩት። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። አላውቅም፣ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል አለ። እኔ ደግሞ ሁለት እውነት ባንድ ጊዜ መያዝ አልችልበትም፤ ታውቂኝ የለ።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱን ያቋረጥንባቸው ስድስት ዶሮዎች ነበሩ። በማግስቱ ጥሬ እየተሻሙ ይለቅሙ ስለነበር ድነዋል ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። በስምንተኛው ቀን ክንፋቸውን ጥለው ጥግ ያዙ፤ አራቱ ሞቱ። አንቺ ዶሮ አይደለሽም፣ አውቃለሁ። ግን አንቺም ያቆምሽው በሦስተኛው ቀን ነው እማዬ፣ እኔም ፈራሁ።

ታዲያ ፍሬዎቹን ለምን ላክሽልኝ? መጀመሪያ አስመርምሪልኝ ማለትሽ መሰለኝ። ለዶሮዎቹ መኖ ለምትሰጠው ሴትዮ አሳየኋት። አምስት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፣ እንደ እኔ አልተወዛገበችም። «ያን ቀን እናትሽን በስልክ ስታወሪያት ስንት ጊዜ ሳልሽ?» አለችኝ። «የላባ ብናኝ ነው ብያት ነበር እኮ» አልኳት። መሐረቡን አጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ ወደ ዶሮዎቿም ሄደች። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ለወንድሜ ስለ ዶሮ አወራሽለት፤ ለእኔ ሳል ብለሽ ግን የራስሽን መድኃኒት በሹራብ ደብቀሽ ላክሽ። ምን ልበልሽ? ልቆጣሽ ብዬ ብዕር አነሳሁ፣ ቁጣው ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ።

ፍሬዎቹን አልዋጥኳቸውም። አንቺም ከቤት የቆየ ሌላ መድኃኒት ካለ እንዳትነኪው፤ የተቋረጠውን እንዴት እንደምትቀጥዪ የሚያውቀው ሐኪሙ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ። ትኩሳት ከተሰማሽ ቅዳሜን አትጠብቂ፣ ወንድሜ ያድርስሽ። እንግዳ አለብኝ፣ ልብስ አጥባለሁ የሚለው ዘንድሮ አይሠራም። አንቺ ካልታየሽ እኔም አልታይም፤ ከዚህ ወዲያ የምታሸንፊኝ ነገር የለም።

ትናንት ሁሉም ለምሳ ሲወጡ የራሴን ጣት ወግቼ ደሜን ቆጠርኩ። ነጭ ሴሉ በዝቶ ስላገኘሁት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ቆጠርኩት፤ ያው ነው። ቁጥሩን ለሐኪሙ ጽፌ ይዣለሁ።

ፈጣሪ ትንፋሽሽን ያርዝምልኝ፤ ለእኔ የሰጠሽውን ሁሉ ለራስሽ ይመልስልሽ። ሐኪሙ ጋ መጀመሪያ አንቺ ትገቢያለሽ፣ ቀጥዬ እኔ።

የምትወድሽ፣ ሹራቡን ለብሳ የጻፈችልሽ
ልጅሽ