በአልጋህ ራስጌ የተሰቀለው ወረቀት

ውድ ሹፌሬ፤

ቃሉ የኔ ነው። እጁ ግን የመምህርቷ ነው፤ ያቺ ተማሪ ነርሶቿን አሰልፋ ወደዚህ መጦሪያ የምታመጣው። «ለሞተው ጓደኛዬ ደብዳቤ ጻፊልኝ» ስላት ደስ አላት፤ ሐዘኔ ሊወጣልኝ መስሏታል። አስምያታለሁ። የምልሽን ሁሉ ትጽፊያለሽ፣ አታሳጥሪም፣ አታሳምሪም፣ መሃል ላይ አታቋርጪኝም ብያታለሁ። «እሺ አባባ» ብላለች። እንግዲህ ቃሏን ትጠብቅ።

አልጋህ ላይ ሌላ ሰው አስተኝተዋል። ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። አንተ ግን አልጋውን አልለቀቅክም። ከምሳ በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ የአልጋህ ብረት ይንኳኳል። ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ዞር ስል ልብስ ሰፊው ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ተኝቷል። ጽዳቷን ጠየቅኳት፤ «ቧንቧው ነው አባባ» አለችኝ። አርባ ዓመት ግድግዳ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ የቧንቧ ድምፅ ለኔ አይነገረኝም። የማን ጣት እንደሆነ አውቃለሁ።

አፍህ ሳይያዝ አሳርፈኸኝ አታውቅም ነበር። «ግንበኛው፣ አንተ የሠራኸው ግድግዳ ሥር መኪና አላቆምም» ትለኛለህ። «አንተ ከምትነዳው መኪና ግድግዳዬ ቀድሞ ይደርሳል» እልሃለሁ። ነርሶቹ ሊያገላብጡህ ሲመጡ ደግሞ፣ «ቀስ በሉ፣ ጭነቱ ተሰባሪ ነው! አንዳችሁ ከኋላ ቁሙና ‹ና፣ ና› በሉኝ!» እያልክ ኮሪደሩን በሳቅ ትሞላው ነበር። ሁለተኛው ስትሮክ መጣና ምላስህንም ቀኝ ጎንህንም ወሰደ። የቀረችህ ግራ እጅህ ብቻ ነበረች። በሷ ብረቱን ማንኳኳት ጀመርክ።

መምህርቷ ጥናቷን ይዛ የመጣችው ያኔ ነው። ተማሪዎቹ በትምህርት ቤታቸው በፕላስቲክ ሰው ላይ ይለማመዳሉ አሉ፤ ያንንማ ሕፃን ልጅም ያገላብጠዋል። መንቀሳቀስ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ሥጋው ይበሰብሳል። እሷ ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፦ ጎረቤቱ ቢያይ፣ አይቶም ወረቀት ላይ ቢያሰፍር፣ ተማሪዋ ትበረታለች ወይ? ወረቀቱን ራስጌህ ላይ ሰቀለችው። ለኔ እርሳስ ሰጠችኝ።

«አባባ፣ ማንበብ ይችላሉ?» አለችኝ፤ ተማሪዎቿ ሁሉ ቆመው እየሰሙ።

«ምን የሚሉት ጥያቄ ነው!»

«ለማይችሉት በሥዕል የተሠራ አለን፤ ምንም ነውር የለውም...»

«ሥዕሉን ለሕፃናት ስጪ።»

«እሺ። አሞላሉን ላስረዳዎ?»

«ዓይን የለኝም?»

አንተ ከትራስህ ላይ ታየኝ ነበር። ማንበብ እንደማልችል ከሰው ሁሉ የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ። የልጄን ደብዳቤ «መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነው» እያልኩ ስንቴ አስነበብኩህ! መነጽር ኖሮኝ እንደማያውቅ እያየህ አንድ ቀን አላሳፈርከኝም። በዚያች ቀን ግን ምላስ ቢኖርህ ታሳፍረኝ ነበር። ምነው ባሳፈርከኝ ኖሮ።

ወረቀቱ ለእያንዳንዱ የማገላበጫ ሰዓት ሁለት ሁለት ሳጥን ነበረው፤ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ። እኔም በግንበኛ ጭንቅላቴ አሰብኩ። ግንባታ ላይ ፎርማኑ የሚያሰፍረው የቀረውን ሠራተኛ ነው፤ የመጣውንማ ሥራው ይናገርለታል። ስለዚህ ልጅቷ መጥታ ስታገላብጥህ ባዶ እተወዋለሁ። ስትቀር ለእጄ በሚቀርበው፣ በግራው ሳጥን፣ ጠበቅ አድርጌ ራይት አደርጋለሁ። መክሰሴ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ አልጻፍኩም። ለክፍላችን የተመደበችው ቀጭን ተማሪ ከጓደኛዋ ጋር ትመጣለች፤ አንዷ ከትከሻ፣ አንዷ ከዳሌ ይዘው ያገላብጡሃል። ከዚያ ጓደኛዋን ወደ ሌላ ክፍል ወሰዷት። እሷ ብቻዋን ለስድስት አልጋ ቀረች፤ አንተ ደግሞ ራስህ የጭነት መኪና ነህ። ስትስብህ ክንዷ ይንቀጠቀጣል። «ሰው ጠርቼ ልምጣ አባባ» ትልና ትወጣለች፤ ከወዲያኛው ጫፍ ሌላው ይጠራታል፤ በዚያው ትቀራለች። አንድ ቀን አንሶላ ታቅፋ በር ላይ ስታለቅስ አይቻታለሁ። ክፉ አልነበረችም፤ ይሄ ይጻፍ።

አንተ ታንኳኳለህ። እኔ ራይት አደርጋለሁ። «ታገስ፣ ጽፌላቸዋለሁ» እልሃለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ሞላ። የሚቆጣ ሰው ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ዓርብ መምህርቷ መጣች፤ ወረቀቱን አየችና ፊቷ በራ። «አባባ፣ በጣም ጥሩ ነው! እንዲህ ነው የምንፈልገው!»

ይህን ቦታ፣ መምህርት፣ ቀስ ብለሽ ጻፊው።

ሹፌሬ፣ ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሙሉ በሙሉ አልልህም። ግን ሰው በሞላ ክስ ላይ አይስቅም። ያ ሳጥን ሌላ ነገር እንደሚል ልቤ ነገረኝ። «ልጄ፣ ይሄ ምን ይላል?» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አምስት ተማሪ ከኋላዋ ቆሟል። አፌን ከፈትኩ፤ «ሌላ እርሳስ አምጪልኝ፣ ይቺ አለቀች» አልኳት።

ከዚያ በኋላም ራይት ማድረጌን አልተውኩም። ከወገብህ ሥር የሚመጣው ጠረን እኔ አልጋ ድረስ ይደርስ ነበር። ማንኳኳትህን አቁመህ ዝም ብለህ ታየኝ ጀመር። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ትኩሳቱ መጣ፣ አምቡላንስ መጣ፣ አልተመለስክም።

ባለፈው ሳምንት መምህርቷ ውጤቷን ልታሰማኝ መጣች። ሽቅብ የምትወጣ መስመር አሳየችኝ። ያቺ ተማሪ ከሳምንት ሳምንት እየበረታች ሄዳ፣ በመጨረሻ አንድም ሰዓት አላሳለፈችም ትላለች መስመሯ። ቁስሉስ? ቁስሉማ ካቅም በላይ ነው፣ ሰውነትህ ደክሞ ነው ትላለች። ስለዚህ የሚያይ ጎረቤት እስካለ ድረስ ከመጪው የትምህርት ዓመት ጀምሮ ለስምንት አልጋ አንድ ተማሪ ትበቃለች።

«የግራው ሳጥን ምን ይላል?» አልኳት።

«ተገላብጧል ነዋ አባባ። ረሱት?»

«መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነው።»

ይኸው አሁን መጻፍ አቆመች። ጻፊ እንጂ! ምለሻል።

«አባባ...» አለች፤ እጇ ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። «ይሄ እኮ ጥናቱን እንዳለ ያፈርሰዋል።»

«ይፍረስ። የጠመመ ግድግዳ በቀለም አይቀናም። ሥሩ ስምንት ሰው ልታስተኚ ነው።»

«ልጅቷስ? ተመርቃ ሥራ ይዛለች።»

«ልጅቷን አትንኳት። ሁለተኛ ሰው ነበር የቸገራት።»

«እኔም ላስረዳዎ ብዬ...» አለችና ጨረሰችው፤ «ማስረዳት ነበረብኝ። ሳልጠይቅዎት።»

አይዞሽ አላልኳትም። ድርሻዋን ትያዝ፤ የኔን አትወስድብኝም። ሰኞ ራሷ ሄዳ ለትምህርት ቤቱ እንደምትናገር ነገረችኝ። እንግዲህ ለስሜም ለኩራቴም እሱ ቀን ማለቂያው ነው።

አሁን ግን ወረቀት አላምንም ሹፌሬ። ይቺ ልጅ የጻፈችውን እኔ የት አውቄ! አንዴ በወረቀት ሰው ገድያለሁ። ስለዚህ በሩን አስከፈትኳት። ጽዳቷን ከነመወልወያዋ ጠራኋት፤ ዋናዋ ነርስም መጣች፤ ልብስ ሰፊውን ቀሰቀስነው። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢ» አልኳት።

አነበበች። ማንበብ አልችልም ካልኩበት ቦታ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችልኝ፤ ክብሬን ልትሸፍንልኝ ነው። ደግ ልጅ ነች።

«ከፍ አድርጊው» አልኳት። «ኮሪደሩም ይስማ።»

ይቅር በለኝ ብዬ አልጠይቅህም፤ እኔ ባንተ ቦታ ብሆን አላደርገውም።

አፍ እያለው ዝም ያለው የአልጋ ጎረቤትህ፣
ግንበኛው