አሥራ አራተኛው ጥያቄ

ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ያለህበት ድረስ ተጉዞ በደህና ያግኝህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ያ በር ላይ ተጋድሞ የሚያንኮራፋው ውሻችሁ ሳይቀር ደህና ናቸው? እንቅልፍህስ? እንቅልፍህን የጠየቅኩህ በምክንያት ነው፤ ኋላ እደርስበታለሁ። እኔ እግዜር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። በዚህ ቤት ቆሞ የሚሄድ አሁን እኔ ብቻ ነኝ።

በስልክ ስትጮህብኝ እንደሰማሁህ፣ አሁን ደግሞ አንተ ስማኝ። የደብዳቤ ደግነቱ መሐል ገብቶ የሚያቋርጥ የለም። እማዬ ወድቃ ስትውል የት ነበርሽ ብለህ ጠይቀኸኛል። እነግርሃለሁ፤ ግን ከሥሩ ነው የምጀምረው።

ሥራዬን መቼም ጠይቀኸኝ አታውቅም። ድርጅታችን ልጆቻቸው ርቀው የሚኖሩ አረጋውያንን በየቤታቸው ይንከባከባል። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ቤተሰቡ አርባ ጥያቄ ያለው መጠይቅ ይሞላል። እኔ መልሶቹን አንብቤ የአገልግሎቱን መስመር በሳጥንና በቀስት እሥላለሁ፤ ተንከባካቢዋ በስንት ሰዓት ትሄዳለች፣ በሩ ካልተከፈተ ምን ታደርጋለች፣ ለማን ይነገራል፣ ማን ይወስናል። ደንባችን አንድ ነው፤ መልስ አይነካም። ከሞላው ሰው በቀር አንዲት ፊደል የሚለውጥ የለም።

የዛሬ ሦስት ወር የእማዬ መጠይቅ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ስሟን ሳይ ደስ አለኝ፤ አይ ሞኝነቴ! ጋሼ ሊያግዘኝ አስቦ ነው ብዬ ነበር። እህቴ ቁጡ ናት፣ እማዬን የሠለጠነ ሰው ይያዛት ማለትህን ኋላ ከባለቤትህ ሰማሁ። ከዚያ አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ ደረስኩ። በአቅራቢያ የሚኖር የቅርብ ዘመድ አለ ወይ ይላል። አንተም የለም ብለህ ጻፍክ።

ጋሼ፣ ከኔ ቤት እስከ እማዬ በር በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ ተመላልሼበታለሁ። ጥፍሯን የምቆርጥላት እኔ፣ ኪኒኗን በየቀኑ የምለይላት እኔ፣ ሲከፋት የምትሰድበውም እኔን። ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ሲባል እሰማ ነበር፤ ልጡን ያመጣኸው አንተ ነህ።

ሌሎቹን መልሶችህንም በቃሌ ይዣቸዋለሁ። በሩ ካልተከፈተስ ለሚለው «እናቴ እንቅልፍ ትወዳለች፣ አትረብሿት» ብለሃል። ወይ ጉድ! ዶሮ ሳይጮህ የምትነሣ ሴትዮ! እንቅልፍ የምትወደው አንተ ነህ። ድንገተኛ ነገር ሲገጥም «ምንም ከመደረጉ በፊት እኔ ልጠየቅ» አልክ። በምን መንገድ ለሚለው ደግሞ «በጽሑፍ፤ በሥራ ሰዓት አትደውሉ»።

ለአለቃዬ ይቺ እናቴ ናት፣ ዘመዷም እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ እኔም ዋጥኩ። የለም ካለ የለም ነው ብዬ፣ እንደመለስከው አንዲት ቀስት ሳላጎድል ሣልኩት። ሲያምር ብታየው! አለቃዬ ለአዳዲስ ሠራተኞች ማስተማሪያ ይሁን ብሎ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እማዬ ቤት መሄዱንም ተውኩ። ስትደውልልኝ ሥራ በዝቶብኛል እላታለሁ። የቤቷ ቁልፍ ግን ሁለት ወር ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ሲንቃጨል ነበር።

ያ ማክሰኞ እንዲህ ሆነ። እማዬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ወደቀች፤ ራሷንም ሳተች። ተንከባካቢዋ በሦስት ሰዓት መጥታ ብታንኳኳ የሚከፍት የለም። ልጅቷ ምን ታድርግ? መስመሩ አትረብሿት ይላል፣ ተመለሰች። ላንተም መልእክት ተላከ። ምሳ ሰዓት ላይ የክትትሉ ሠራተኛ፣ በቀርፋፋነቱ «ፈጣኑ» የምንለው፣ አጠገቤ ቁጭ አለና አንዲት እናት በር አልከፈቱም፣ ልጃቸውም እስካሁን አልመለሰልኝም፣ ምን ይሻለኛል አለኝ። የመዝገብ ቁጥሩን ነገረኝ። የማን እናት እንደሆነች እሱ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።

ይቺን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ቁልፉ እግሬ ሥር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። መስመሩን ተከተል አልኩት። እማዬ ደህና ናት፣ ኩርፊያዋ ይሆናል፣ አንዴ እንኳ ጋሼ ይደንግጥ፣ እሱ መግቢያ ይጣ ብዬ ነው። ምሳዬንም በልቼ ጨረስኩ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መልስህ መጣ፤ «ተኝታ ይሆናል፣ ነገ ሞክሩ» ይላል። ፈጣኑ ሲያሳየኝ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ሮጬ ሄጄ በሩን ስከፍት፣ እማዬ ሲሚንቶው ላይ በጎኗ ወድቃለች። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ጋሼ! ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ልብሷ ረጥቧል። ከነቃች ጀምሮ በድስት ክዳን ወለሉን ስትመታ ነው የዋለችው። ክዳኑን አልለቅ ብላ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። ዳሌዋ ተሰብሯል፤ ከእንግዲህ አትቆምም ብሎናል ሐኪሙ።

በሦስተኛው ቀን ፈጣኑ ሊጠይቃት ሆስፒታል መጣ። እኔን አልጋው ጥግ ሲያየኝ ክው አለ። እናትሽ ናቸው እንዴ፣ ታዲያ ምሳ ላይ ስነግርሽ ምነው መስመሩን ተከተል አልሽኝ አለ፤ እዚያው እማዬ እየሰማች። እማዬ የጀመረችውን ውሃ ሳትጨርስ ብርጭቆውን መለሰችልኝ።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ጥፋቱ ሁሉ ያንተ ነው ልልህ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ የእጅህስ በምን ይታሻል ልልህ ነበር። አሁንም እልሃለሁ፣ አልተውህም። ግን የራሴንም የማሽበት አላገኘሁም።

የደንበኛ ሁኔታ ሲለወጥ መጠይቁ እንደ አዲስ ይሞላል፤ እማዬ አሁንስ ራሴ እመልሳለሁ አለች። ትናንት አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጥያቄዎቹን ካንተ መልሶች ጋር አንድ በአንድ አነበብኩላት። እንቅልፍ አልወድም ብለሽ ጻፊ አለችኝ። አሥራ አራተኛውን አንብቤ ቀና አልኩ። እማዬ ፊቴን አየችው፣ እስክሪብቶውንም አየችው፣ ከዚያ የለኝም አለች። እማዬ፣ እኔ አለሁልሽ አይደል እንዴ ብዬ አለቀስኩ። የጠየቅሽኝን መለስኩ፣ ጻፊ አለችኝ። ጻፍኩ። ደንቡን ታውቀዋለህ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ወሬ አቀባይነቷ ጠቅሞኛል። ትልቋን ልጅህን ሳምልኝ። መንትዮቹን ሰላም በልልኝና ከወዲሁ ጽሕፈት አስተምራቸው፤ ነገ አንተ ስታረጅ መጠይቅህን የሚሞሉልህ እነሱ ናቸው። ለውሻውም እንዳትረሳ። እማዬን ላንተ ምን ልጻፍለት ብያት ነበር። ከመልሶችህ በቃሏ የያዘችውን አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ፦ እኔ የሞትኩ ዕለት በጽሑፍ ላኪለት፣ በሥራ ሰዓት እንዳትደውዪበት።

ታናሽ እህትህ
ከእማዬ አልጋ አጠገብ፣ ግንቦት 19 ቀን