ላልጠየቅነው ዋስትና ዘግይቶ የተሰጠ መልስ

ለተከበሩ የባንኩ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፣

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ያለችው ከእንግዳ ይልቅ እርስዎን የምታቀዘቅዘው ማራገቢያ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴም በእናንተ መዝገብ መሠረት ደህና ነው፤ በዚህ ወር አምስተኛ ቀንም እንደወትሮው የዋስትና ክፍያውን ሳያዛንፍ ከፍሏል። ከሞተ አሥራ አራት ወሩ ነው።

ይህን ጉዳይ በመካከላችን ብጨርሰው ደስ ባለኝ ነበር። ሆኖም ለሰባት ደብዳቤዎቼ ካገኘኋቸው ሦስት መልሶች ሁለቱ የተጻፉት ለባለቤቴ ስለነበር፣ ምናልባት ሰው ሁሉ ቢያነበው አንዱ ደግ ሰው ለእርስዎም ያነብልዎታል ብዬ አደባባይ አወጣሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የሰው አቤቱታ ስተይብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝና፣ በቁጥር ከፋፍዬ ብጽፍ የእጅ ልማድ ነው ብለው ይለፉኝ።

አንደኛ፣ ስለ ቸርነታችሁ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ አናጺ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ወንበርና ቁም ሳጥን ይሠራ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የእንጨት መላጊያ ማሽን ለመግዛት ከእናንተ ብድር ጠየቀ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀም። እናንተ ግን ብድሩን ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ነውር ሆኖባችሁ፣ ቢታመም ወይም ቢሞት ቀሪውን ዕዳ የሚከፍልለት የብድር ዋስትና የሚባል ነገር መረቃችሁለት። ምርቃት ነው እንዳልል ዋጋው በየወሩ ከሂሳቡ ይቆረጣል። እኔ ይህን ያወቅሁት ከቀብሩ በኋላ ወረቀቶቹን ሳገላብጥ ነው። እሱ ወረቀት አያነብም ነበር፤ በቤታችን የወረቀት ሥራ የእኔ ነው። የዚህን ብድር ወረቀት ግን እኔም አላነበብኩም። ለምን እንዳላነበብኩ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ። የሞት ማስረጃውን ይዤ እንግዲህ ዋስትናው ይክፈል ብዬ ስመጣ፣ ዋስትናው የሚያገለግለው ዕድሜው ከስልሳ በታች ለሆነና ደመወዝ ለሚበላ ሰው ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዳችሁኝ። ባለቤቴ ማሽኑን ሲገዛ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ደመወዝ የሚባል ነገር ደግሞ ሌሎች ሲቀበሉ ከማየት በቀር በእጁ ገብቶ አያውቅም። ዕድሜውም ሥራውም በብድር ማመልከቻው የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በእናንተው ሠራተኛ እጅ ተጽፏል። እንግዲህ ቢታመምም ቢሞትም እንደማይከፈለው ከመጀመሪያው ቀን የሚያውቅ አንድ ወገን ነበር ማለት ነው፤ ያ ወገን ደግሞ ባለቤቴ አይደለም። የማሽኑን ቀሪ ዕዳ ከጡረታዬ እየቆጠብኩ እኔ እከፍላለሁ፤ ለዚህ አንዳችም ቅሬታ የለኝም፣ ብድር ብድር ነው።

ሦስተኛ፣ እንግዲያው የማይሠራውን ዋስትና አቋርጡልኝ ስላችሁ፣ ውሉን ማቋረጥ የሚችለው ባለጉዳዩ ራሱ በአካል ቀርቦ ሲፈርም ነው ተባልኩ። ይህን የነገረችኝ ሠራተኛችሁ ልጅ ከአፏ ከወጣ በኋላ የተናገረችውን ሰማችው መሰለኝ፣ አንገቷን ደፋች። ስላፈረች አመስግኑልኝ። በቅርንጫፋችሁ ያየሁት የመጀመሪያው ዕፍረት ነው።

በአካል መቅረቡን በተመለከተ ግን እውነቱን ልንገርዎ፤ እሱ ይቀርባል። የእጅ ስልኩ ዛሬም በሥራ ክፍሉ፣ እሱ በተወው ቦታ፣ የሚስማር ቆርቆሮው ላይ ተቀምጧል። በየወሩ በአምስተኛው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ «ውድ ደንበኛችን፣ ክፍያዎ ደርሶናል፤ ነገዎ በእኛ ዘንድ ዋስትና አለው» የሚል መልእክታችሁ ሲገባ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ከሥሩ ያሉት ሚስማሮችም ይንኳኳሉ። ድምፁ እሱ ልኩን ሚስማር ሲፈልግ ቆርቆሮውን በጣቱ እንደሚያምሰው ነው፤ ልዩነት የለውም። የመጀመሪያው ጊዜ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ከነቢላዬ ተነስቼ «መጣሁ» አልኩ። በሩ ጋ ስደርስ ማሽኑ በሸራ እንደተሸፈነ ነው፤ የእንጨት ብናኝ ሽታው አሁንም አለ፤ ሰው ግን የለም። ልጄ «እማዬ፣ ምናለ ብታጠፊው» ትለኛለች። አላጠፋሁትም። በየሳምንቱ እሁድ ባትሪውን እሞላለሁ። ለዚህ ያበቃኝ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እናንተ ናችሁ ብዬ ልከሳችሁ ፈልጌ አልሆነልኝም።

አራተኛውና ዋናው እነሆ። ከሦስቱ መልሶቻችሁ ለእኔ በተጻፈው በአንዱ ላይ፣ ባለቤቴ ዋስትናውን በስልክ ተጠይቆ መስማማቱን፣ ድምፁም ተቀድቶ መቀመጡን ገለጻችሁልኝ። ከዚህ በላይ ቢያቅማሙ ቀርበው ሊሰሙት ይችላሉ ብላችሁም ጋበዛችሁኝ። ልታሳፍሩኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ያልገባችሁ ነገር ግን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቅጂውን ራሳችሁ አለማዳመጣችሁ። ሁለተኛው፣ በቤታችን የእሱ ድምፅ የተቀዳበት አንዳችም ነገር አለመኖሩ። ፎቶው ሞልቷል፤ ድምፁ የለም። የገዛ ልጁ በሠርጓ ቀን ያስቀረጸችው ላይ እንኳ ካሜራው ሲዞርበት ዝም ብሎ ይስቃል።

እርስዎ ቢሮ ገብቼ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የሰማሁትን እርስዎም ከእኔ ጋር ሰምተዋል፤ አንባቢ ግን አልሰማምና ልጻፈው። መጀመሪያ የሚሰማው የማሽኑ ጩኸት ነው። ከዚያ ማሽኑ ይጠፋል፤ እሱ ትንፋሹን ይሰበስብና «አቤት» ይላል። ሠራተኛችሁ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይተነፍስ ስለ ዋስትናው ያነባል። ሲጨርስ ይስማማሉ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። እሱም «እንዲህ ያለውን የምታነበው ባለቤቴ ናት፤ ቆይ ልጥራት» ይላል። ከዚያ ስልኩን ሳያርቅ «ዳኛዬ» ብሎ ይጣራል። ዳኛ ሆኜ አላውቅም፤ ጸሐፊ ነበርኩ። በዚያ ስም የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር።

ሦስት ጊዜ ተጣራ። መልስ የለም።

ያን ቀን አስታወስኩት። ማሽኑ በገባ ሰሞን ነው፤ ቤት ነበርኩ። በዚህ ዕድሜ ብድር ምን ያደርግልሃል፣ ማሽኑስ ለማን ይቀራል ብዬው እንደገና ተኳርፈን ሁለተኛ ቀናችን ነበር። ብድሩን ሲወስድ ወረቀቱን አላነብልህም ያልኩትም ለዚሁ ነው። በመስኮቱ በኩል ሲጠራኝ ሰምቼዋለሁ። የታጠበ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር፤ ይምጣ እንጂ፣ እግር የለውም እንዴ ብዬ ዝም አልኩ። አንሶላውን አጥፌ ጨረስኩ። በቅጂው ላይ የእኔ ዝምታም አብሮ ተቀድቶ በእናንተ ካዝና ተቀምጧል። በመጨረሻ ለሠራተኛችሁ «እንግዲህ ነገ ደውሉ፣ እሷን ጠይቄ እነግራችኋለሁ» አለው። ሠራተኛችሁ አመስግኖ ስልኩን ዘጋ፤ ነገ አልደወለም፤ በመዝገቡ ላይ ግን «ተስማምተዋል» ብሎ ጻፈ።

እዚህ ላይ ፊትዎ እንደተለዋወጠ አይቻለሁ። በሦስተኛው ቀን የላኩልኝን ስምምነትም በትክክል ተረድቻለሁ፤ ዋስትናው ይሰረዛል፣ የተቆረጠው ገንዘብ ከነወለዱ ይመለሳል፣ እኔም ጉዳዩ ተዘጋ ብዬ እፈርማለሁ፣ በአሠራራችሁ መሠረት ደግሞ የተዘጋ ጉዳይ የድምፅ ቅጂ በወሩ መጨረሻ ይደመሰሳል። ቅጂውን ለእኔ መስጠት ስላለመቻላችሁ ያቀረባችሁት ምክንያት፣ የደንበኛውን ምስጢር መጠበቅ ግዴታችሁ መሆኑ ነው። ምስጢሩን ከሚስቱ ስለጠበቃችሁለት እሱም ያመሰግናችኋል።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን የሰው አቤቱታ ስተይብ አንድም ሰው ገንዘቡ ይቅርብኝ ብሎ ሲጽፍ አላየሁም። እኔ እጽፋለሁ። ገንዘቡን አስቀሩት። ብትፈልጉ ዋስትናውንም ቀጥሉበት፤ እስክሞት በየወሩ ልክፈል። ቅጂውን ግን አትደምስሱ፤ አንድ ግልባጭ ስጡኝ። በአንድ የቢሮ ማዳመጫ አንዴ ብቻ የሰማሁት ነገር ከጆሮዬ እየሸሸ ነው። ትናንት «ዳኛዬ» ሲል ድምፁን ከፍ አድርጎ ይሁን ዝቅ አድርጎ ላስታውስ ሞክሬ አልቻልኩም። ፈራሁ።

ለሚሰጡኝ ፈጣን ምላሽ፣ ማለትም እንደልማዳችሁ በሚቀጥለው ዓመት ለሚደርሰኝ፣ ከወዲሁ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ፊደል ባልገደፈው እጄ እፈርማለሁ።

የደንበኛችሁ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለባንኮች ተቆጣጣሪ
ለደንበኛው፣ በሚስማር ቆርቆሮው ላይ

ማስታወሻ፦ ከላይ አንድ ነገር አስቀርቻለሁ። ሦስተኛውን ጥሪ ከጨረሰ በኋላ ሠራተኛችሁ ባለቤትዎ የሉም እንዴ ብሎ ይጠይቀዋል። እሱም ቀስ ብሎ፣ የሳቀ በሚመስል ድምፅ፣ «አለች፤ ትሰማኛለች» ይለዋል። ትክክል ነበር፤ ሰምቼዋለሁ። ሦስት ዓመት ዘግይቼም ቢሆን መልሴን ይዤ መጥቻለሁና፣ እባክዎ በዚያው መዝገብ፣ «ተስማምተዋል» የሚለውን ሰርዘው በቦታው ያስፍሩልኝ፦ አቤት፣ እዚህ ነኝ፤ ወረቀቱንም አንብቤዋለሁ፤ አንፈልግም።