ቡፌ ውስጥ የከረመው ዋይፋይ

ይድረስ ከታላቅ እህቱ ቀድሞ ለሸበተው ወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ያ በክረምት የጀመረህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም አብሮህ ይኖራል? ሥራ እንዴት ይዞሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ምግብ ማን ያበስልልሃል ብዬም ልጠይቅህ ነበር፤ እሱን ግን ከኔ በፊት የጠየቀ ሰው ስላለ በኋላ እመለስበታለሁ። እኛ ደህና ነን። ልጆቹ ያድጋሉ፣ ጫማው ይጠባል፣ ባሌ፣ አማችህ፣ እንደ ልማዱ ያልተበላሸውን ሲጠግን ይውላል። እኔም ያው ልብስ ፋብሪካው ውስጥ የሰው ስፌት እየገለበጥኩ ጉድለት እፈልጋለሁ።

በስልክ መጻፍ ትቼ ወረቀት ያነሳሁት ጠባይህን ስለማውቅ ነው። በስልክ ብጽፍልህ ግማሹን ሳታነብ መልስ ትልክልኛለህ። ወረቀት ግን መሃል ላይ አያስገባህም፤ ብትናደድም እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ። አደራህን፣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ያን ቀን ለእማዬ በቪዲዮ ደውለህ ሚስትህ ጥላህ መሄዷን ነገርካት። እማዬም እሰይ ልጄ፣ እሰይ፣ ለዚህ ያደረሰኝ ፈጣሪ ይመስገን አለችህ። ስልኩን ዘጋህ። ለኔ የላክኸው መልእክት እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፤ በውድቀቴ እልል የምትል እናት ካለችኝ እናት የለኝም ማለት ነው፣ ሁለተኛ አልደውልም ብለሃል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላልና ዝም አልኩህ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ተጠራጥሬ ነበር። እማዬ ለሚስትህ ፊቷ ፈክቶ እንደማያውቅ አንተም ታውቃለህ። ለምን እንዲያ እንዳለች ልጠይቃት አስቤ፣ አዎ ደስ ብሎኛል ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ።

እሷ ግን ትጠብቅህ ነበር። ስልኩን የስፌት መኪናዋ ላይ አስደግፋ፣ መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ እየጠራረገች ትሰፋለች። ለምን አይደውልም ስንላት እሱ ምን ያድርግ፣ ኔትወርኩ እኮ ነው፣ ከሳሎን እስከዚህ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል ትላለች። ቀጥሎም እኔ ላይ መጣች። የገዛ ልጄን ፊት እንዳላይ ያደረገኝ ይሄ ሽቦ ነው፣ አንቺም እጅሽን አጣጥፈሽ ታያለሽ አለችኝ። የማትደውልበትን ምክንያት እያወቅሁ ኔትወርክ ልጠግን ተነሳሁ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ መሆኑን አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም ቁጭ ብሎ ፊቷን ከማየት ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ ዋይፋዩን በየክፍሉ እንዲያዳርሱ የላክህልንን ሦስት አክሰስ ፖይንቶች ፈለግሁ። ሲደርሱን እማዬ ቤቱ አማረበት ብላህ እንደነበር ታስታውሳለህ። አልዋሸችህም። ክብ ነጫጭ ሆነው ስታያቸው ባለ ወርቅ ጠርዝ ስኒዎቿ ካሉበት ቡፌ ውስጥ፣ መስታወቱ ጀርባ አስደግፋ ደርድራቸዋለች። ቁልፉ በአንገቷ ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጄ የላከልኝ ናቸው እያለች ስታሳይ ከርማለች፤ አንዷ ጎረቤታችን ሳህኖቹ ለምን መሃላቸው እንዳልጎደጎደ ጠይቃት ነበር። እንግዲህ አንተ ቤቱ ሁሉ በዋይፋይ ተጥለቀለቀ ብለህ ስትኩራራ፣ እኛ ያለነው በዚያችው ሳሎን ባለችው ራውተር ነበር።

ባለሙያ ጠራን። ሁልጊዜ ከቤት አናት ላይ ስለማይጠፋ ጣራው የምንለው ሰው ነው። ነገሩን በቀላሉ አስረዳን። ድምፅ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል፣ በቀጭን መንገድም ያልፋል፤ ምስል ግን ሰፊ መንገድ ይፈልጋል፣ ኔትወርክ ሲደክም ሰውዬው እያወራ ፊቱ ደርቆ የሚቀረው ለዚህ ነው አለን። ይቺን አባባሉን ያዝልኝ። አንዱን አክሰስ ፖይንት ሳሎን፣ አንዱን ኮሪደሩ ላይ፣ ሦስተኛውን ግቢውን ተሻግሮ እማዬ ክፍል ኮርኒስ ላይ ሰቀለና የእጁን ተቀብሎ ሄደ።

ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ለእያንዳንዱ የተለያየ ስም ስለሰጠው የእማዬ ስልክ ኮሪደሩ ላይ የያዘውን የሙጥኝ ብሎ ክፍሏ ስትገባም አይለቅም። ራሷ አናት ላይ አዲስ ተሰቅሎ እያለ፣ ስልኩ ግቢውን ተሻግሮ የድሮ ወዳጁን ይናፍቃል። ጣራውን መልሰን ጠራነው። ለሦስቱም አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ሰጣቸው። ስልኩ ወይ ፍንክች! ኋላ ላይ እንደደረስንበት የኮሪደሩ ኃይሉ ከልክ በላይ ስለሆነ ነው፤ እዚያ ድረስ እየጮኸ ሲጠራው ስልኩ ለምን ይለቀዋል? ኃይሉን ቀነስነው። ሁለቱ በአንድ ቻናል፣ በአንድ የአየር መስመር ላይ ሆነው እየተሻሙም ስለነበር ለያየናቸው። ያን ጊዜ ስልኩ ግቢውን ሲያቋርጥ አንዱን ለቆ ሌላውን መያዝ ጀመረ።

ምስሉ ግን አሁንም ይደርቃል። የእማዬው አክሰስ ፖይንት ገመድ አልነበረውም፤ የሚያቀብለን ከኮሪደሩ በአየር የተቀበለውን ነው፣ መሃል ላይ ደግሞ ሁለት የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ በር አለ። የሌለውን ከየት ያምጣ? ስለዚህ በግቢው ውስጥ ለውስጥ ገመድ መቅበር ነበረብን። አማችህ ለዚህ ሰው አልቀጥርም ብሎ ዶማ አነሳ። በእማዬ ጎመን መሃል መሄድ ስለተከለከለ ጥግ ጥጉን ሲቆፍር የውሃውን ቧንቧ አገኘው። ያን ቀን ውሃውም ኢንተርኔቱም አብረው ጠፉ፤ ልጆቹ ያለቀሱት ግን ለውሃው አይደለም። ብቻ ቧንቧው ተጠገነ፣ ገመዱም በላስቲክ ቱቦ ውስጥ አልፎ እማዬ ክፍል ገባ።

እኔ ከፋብሪካ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ጉድለት ስትፈልግ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አትነካም፤ አንዱን ለውጠህ ታያለህ፣ ከዚያ ሌላውን። ስለዚህ እማዬን ክፍሏ አስቀምጬ ከወጥ ቤት በቪዲዮ ደወልኩላት። አማችህ እዚያው እሷ ዘንድ መሰላል ላይ ሆኖ የኮርኒሱን ብሎን ያጠብቃል። ስለምትሰፋው ልብስ ጠየቅኋት፣ መለሰችልኝ። ጎመኑን ውሃ አጠጣሽው ወይ አልኳት፣ ባልሽ ቧንቧዬን ሰብሮ በምን ላጠጣ አለችኝ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ደስ ብሎኝ ልዘጋ ስል፣ ማይክሮፎኑ ላይ የተሰመረ መስመር አየሁ። ድምፄን መጀመሪያ ላይ ዘግቼው ኖሯል። ያን ሁሉ ስናወራ ከኔ አንድም ድምፅ አልሄደላትም።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ድምፁን ከፈትኩና፣ ኔትወርኩን ጥግ ድረስ ልሞክረው ወደ ዕቃ ቤቱ ገባሁ። አምፖሉ ተቃጥሎ ጨለማ ነው። እማዬ፣ ይሰማሻል? አልኩ። አማችህ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ኧረ ግልጽ ነው፣ አጠገባችን ያለሽ ነው የሚመስለው አለ። እማዬ ግን ተቆረጠ፣ ተቆረጠ፣ ይሄው ነው እንግዲህ የሚሠራኝ እያለች ስልኩን ታራግበዋለች። ደግሜ ጠራኋት። ፊቴ አልታይ ስላላት አልሰማችኝም። እዚያው ጨለማ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

ሄጄ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና ጆሮሽ አይሰማም እንዴ አልኳት። ልትሸመጥጠኝ ሞከረች፣ ኋላ ግን ተወችው። ከዚያ ካልጋ ካዋላት ጉንፋን ወዲህ አንዱ ጆሮዋ ጨርሶ ሄዷል፤ ሁለተኛውም ከሩቅ እንደሚነዳ መኪና ብቻ ነው የሚያጉረመርምላት። የምታነጋግረን አፋችንን እያየች ነው። ከኋላዬ አታውሩ፣ ዞራችሁ እዩኝ ስትለን እርጅና አነጫነጫት እንል ነበር። ቴሌቪዥኑን ቁም ነገር አያወራም ብላ የተወችው ለካ ለዚህ ነው። ባለሱቁ እኮ ሁልጊዜ እጁን እያወናጨፈ ነው የሚያናግራት። ሰፈር ያወቀውን እኛ ሳናውቅ ቀረን፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት በኛ ቤት ደረሰ።

ከዚያ ስላንተ ጠየቅኋት። ወንድሜ፣ ይቺን ቀስ ብለህ አንብባት። መጀመሪያ ሚስቴ ስትል ከአፍህ ላይ አይታለች። ቀጥለህ ፈገግ አልክ፤ አንተ መጥፎ ወሬ ልታወራ ስትል የለመደብህን ፈገግታ ታውቀዋለህ፣ አባታችን ያረፉ ጊዜም እንዲያ ብለህ ነው የነገርከኝ። እዚያ ላይ ምስልህ ደረቀ። ድምፅህ እየሄደ ነው፣ ለሷ ግን ድምፅ የለም፤ ያላት ሚስቴ የሚል ቃልና ቆሞ የቀረ ፈገግታ ነው። ጠበቀችህ፣ አልተንቀሳቀስክም። ሚስቱ አርግዛለች ማለቱ ነው ብላ እሰይ አለች። የልጅ ልጅ አየሁ ብላ ፈጣሪን አመሰገነች።

ስልኩን ስትዘጋባት ኔትወርኩ የቆረጠው መሰላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሰፋ የነበረውን ባሳይሽ ይሻላል ብላ ቡፌውን ከፈተችው። ያንተ ሳህኖች በነበሩበት ቦታ ትንንሽ ሸሚዞችና ቁምጣዎች ተደርድረዋል። ስፌታቸው ላይ አንድም ጉድለት አላገኘሁም።

ከንፈሬን እንድታይ አድርጌ አንተ ያልካትን ነገርኳት። አላለቀሰችም። ቁልፏን በጣቷ አሽከረከረችና፣ ታዲያ ማን ያበስልለታል አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ልብሶቹን አንድ በአንድ መልሳ አጠፈቻቸውና ለሌላ ጊዜ ይሆናሉ ብላ ቆለፈችባቸው። እኔ ግን ወጥቼ አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ ለይቼ አላውቅም፣ ለሷም ላንተም ይመስለኛል።

ጆሮዬን እንዳትነግሪው ብላኛለች፤ ልጄ በሩቅ ሆኖ እንዳይሳቀቅ ብላ። ይኸው ነገርኩህ። የጆሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዤላታለሁ፣ እሺ ብላለች፤ እሷ ዘንድ እሺ ማለትና መሄድ የተለያዩ መሆናቸውን ግን ታውቃለህ። እስከዚያው ኔትወርኩን ያበጀነው በከንቱ አልሆነም። ለምስል ብለን የዘረጋነው ገመድ ለእማዬ ጆሮ ሆኗታል።

ስትደውል እንደ ልማድህ ከሥራ እየተመለስክ በመንገድ አትደውል፤ ቁጭ በል። ብርሃኑ ከኋላህ ከሆነ ጥላ ነው የምታየው፣ ወደ መስኮቱ ዙርና ፊትህ ላይ ይረፍ። ያን ጺምህንም ከላይኛው ከንፈርህ ላይ ከርክመው፤ የፈለግኸውን ያህል ያምርብህ፣ ለእማዬ ግን መጋረጃ ነው። ስታዝን ደግሞ እዘን። ያንን ፈገግታ ለአለቃህ አስቀምጠው።

አማችህ ሰላም ብሎሃል፣ ቧንቧውን እንዳትነግሪው ብሎኝ ነበርና እንዳልሰማህ ሁን። ትልቋ ልጄ ፈተናዋን እንዳለፈች ንገሪልኝ ብላለች። ትንሹ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለ በየቀኑ ይጠይቃል፣ አሁን ኢንተርኔቱ ስለፈጠነ በቶሎ የምትደርስ መስሎታል። ጣራው እንኳ፣ የላኩት ዕቃ ጥሩ ነው በይልኝ ብሏል። እኔም አንገትህን አቅፌ እስምሃለሁ።

እህትህ፣
ከቤት፣ የካቲት 9 ቀን

ይህን ጽፌ ስጨርስ እማዬ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች። የሚከተለው የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው።

ልጄ፣ እሰይ ያልኩት ቆሞ ለቀረው ፊትህ ነው። አሁን የሚንቀሳቀሰውን አሳየኝ፤ ቢያለቅስም ግድ የለም።