እናቴን እግር ላሳጠቡት የሎጅ ባለቤት

ለክቡር አቶ ማዕረግ፣ የደመና ዳር ሎጅ ባለቤት
ደባርቅ አጠገብ

ጤናዎ እንደ ሎጅዎ ግንብ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ፍራሽዎ የለሰለሰ እንዲሆን እየተመኘሁ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የጃናሞራዋ እየሩስ ዘመነ ነኝ፤ ሕግ ተምሬ በተመረቅሁ ሰሞን እናቴን ወይዘሮ አልጣሽን ለደስታዬ ብዬ አንድ ሌሊት በቤትዎ ላሳርፋት ይዣት መጥቼ ነበር። ስለ መስተንግዶዎ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

1. ጥበቃዎ ለእኔ ዋናውን በር ከፍቶ፣ በላስቲክ ጫማ ከኋላዬ የደረሰችውን እናቴን በሠራተኛ በር ስላሳለፋት አመሰግናለሁ።

2. እኔ እንግዳ መቀበያው ላይ ስማችንን ሳስመዘግብ፣ ሥራ አስኪያጅዎ አቶ ያርጋል «እትዬ፣ ዘገዩ እኮ፤ እንግዶቹ እየጠበቁ ነው» ብለው ሳፋና ማንቆርቆሪያ ስላስያዟት አመሰግናለሁ። ለካ ቤትዎ በየምሽቱ «ባህላዊ የእግር አጠባ» የሚባል ትርዒት ያቀርባል፤ አጣቢዋም ከመንደር የምትጠራ ሴት ናት። በአገራችን የመንገደኛ እግር የሚያጥበው የቤቱ ባለቤት መሆኑን አያጡትም፤ ምናልባት ለመንበርከክ ጉልበትዎን አሞዎት ይሆናል።

3. ትርዒቱ ቦታ ስደርስ እናቴ ተንበርክካ የአንድ ፈረንጅ እግር እያደረቀች ነበር። ለምን እሺ እንዳለች ብጠይቃት «መንገደኛ እግሩን ዘርግቶ እያየሁ እንዴት እምቢ ልበል፣ ልጄ?» አለችኝ። እንግዳ መሆኗን ለአቶ ያርጋል ስነግራቸው ወዲያው ይቅርታ ጠየቁ፤ የጠየቁት ግን ፈረንጆቹን ነው፣ ፕሮግራሙ ስለተቋረጠባቸው። ለዚህ ምስጋና የሚሆን ቃል ፈልጌ አጣሁ።

አልጋዎን ሳናይ ወጣን።

ክስ መጻፍ አያቅተኝም፤ እናቴ ግን ክስ አልወደደችም፣ እኔም ዝምታ አልወደድሁም። ስለዚህ ሽማግሌ አስቀድመው ጃናሞራ ድረስ መጥተው፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት እናቴን ራስዎ ይቅርታ እንዲጠይቁ በትሕትና አሳስባለሁ። እስኪመጡ ድረስ ይህ ደብዳቤ ከደባርቅ እስከ ዳባት ሲነበብ ይሰነብታል።

አንገቷን ሳትደፋ እጅ የምትነሣዎ፣
እየሩስ ዘመነ
የወይዘሮ አልጣሽ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ሳነብላት እናቴ፣ ከመጡ እግርዎን እንደምታጥብልዎ ነገረችኝ፤ እንግዳ ነዎትና። እኔ ግን ለእርስዎ ብዬ ምንጭ አልወርድም፤ ውሃውን ይዘው ይምጡ።