ከግቢው በር እስከ ጠረጴዛህ

ውድ አባዬ፣

ይህን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። አንተ ግን በስልክ ግማሹን ሰምተህ "እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ" ትልና ትዘጋዋለህ። ወረቀት አይዘጋም። ስለዚህ መነጽርህን አድርግና እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ቤትህ አልቋል፤ ትመጣለህ። ገበያ ላይ ብሆን ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነበር የማወጣው። አንተ ግን ደንበኛዬ አይደለህም።

ከጣሪያ ከወደቅክ ስምንት ወር ሆነ። ወንድሜ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በመስኮት የሰው ጣሪያ እያየህ እንደምትውል አውቃለሁ። ሚስቱ እንዴት እንደምትንከባከብህም አውቃለሁ፤ በእሷ ላይ አንድ ክፉ ቃል አይወጣኝም። ግን ባለፈው ልጠይቅህ ስመጣ የሻይ ጠረጴዛውን እግር በጣትህ ስትነካካ አየሁህ። "ይሄ ነገር ይወዛወዛል" አልክ። ሁሉም ወሬ ላይ ነበርና ማንም አልሰማህም። እኔ ሰማሁህ። ወደ ቤትህ እንድትመለስ የጠየቅኩህም ያኔ ነው።

"እንደ ቁም ሳጥን አራት ሰው ተሸክሞ የሚያስገባኝ ከሆነ እዚሁ ልቅር" አልክ። "ከግቢው በር እስከ ሥራ ጠረጴዛዬ በገዛ እጄ ዊልቸሩን ገፍቼ ከገባሁ ግን እመጣለሁ።"

ወንድሜ ሳቀ። ሊሸኘኝ ሲወጣ ግን አልሳቀም።

"ስሚ እህቴ፣ አታስጎምጂው" አለኝ። "ያ ቤት ደረጃ ነው፣ ደፍ ነው፣ ጠባብ በር ነው። ደግሞ ቢወድቅስ? ወርክሾፑን የሚከራይ ሰው አግኝቻለሁ፤ ማተሚያ ቤት ነው የሚከፍተው። ወር ሲያልቅ ይዤው እመጣለሁ፤ ጠረጴዛውንም እንሸጠዋለን። አባዬም ቁርጡን አውቆ እዚህ ይረጋጋል።"

"ወር ሲያልቅ ነው ያልከው?"

"ወር ሲያልቅ።"

"እንግዲያው እስከዚያ አንዲት ምስማር እንዳትነካ" ብዬው ወረድኩ። ሃያ ስድስት ቀን ነበረኝ።

ሁለት አናጢ ጠራሁ። አንደኛው ግቢውን ዞሮ አየና "ሁለት ወር" አለ። ሁለተኛው "ነገ ጠዋት እጀምራለሁ" አለ፤ የእሱ ነገ እስካሁን አልነጋም። የወርክሾፕህን ቁልፍ ከመሳቢያ አወጣሁ።

ሥራው አምስት ነበር። ከቤቱ ፊት ያሉት ሦስት ደረጃዎች ላይ አምስት ሜትር ተዳፋት ማውጣት። የሳሎኑን ደፍ ነቅሎ ማውጣት። የመታጠቢያ ቤቱን በር ማስፋትና ግድግዳው ላይ የእጅ መደገፊያ ማሰር። ከዊልቸሩ መቀመጫ ጋር እኩል የሆነ አልጋ መሥራት። ከዚያ ደግሞ ጠረጴዛህ አለ፤ ለቆመ ሰው የተሠራ ነውና ለተቀመጠ ሰው ይረዝማል።

አንተ "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም" ትላለህ። አንዱን ወንበር ሳትጨርስ ሌላውን አትነካም ነበር። አባዬ፣ እኔ አምስቱም ዛፍ ላይ ወጣሁ። ስመካ እንዳይመስልህ ልል ነበር፤ ግን እየተመካሁ ነው። የጨርቅ ሱቄ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። አንዷ ደንበኛ ቀለም እስክትመርጥ ለሌላዋ እለካለሁ፤ እሷ እህቷን እስክታማክር ለሦስተኛዋ እቆርጣለሁ። ማንም ተረሳሁ ብላ አትወጣም። እንጨትና ሲሚንቶም እንደዚያው ናቸው፤ የማሰቢያ ጊዜ ይፈልጋሉ። ሲሚንቶው እስኪጠነክር አልጋውን፣ የአልጋው ኮላ እስኪይዝ በሩን፣ የበሩ ቀለም እስኪደርቅ መደገፊያውን። ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊትና በምሳ ሰዓት ነበር የምሠራው።

የቀን ውሎዬን በደብተር እንደምይዝ ታውቃለህ። ትንሽ ልቅዳልህ።

"ማክሰኞ። የቀጠርኩት ግንበኛ ተዳፋቱን አፈሰሰ፤ ሰባት ቀን አይረገጥም። በምሳ ሰዓት የአልጋውን አራት እግሮች ቆረጥኩ። እኩል ናቸው። ሁለቴ ለካሁ።

"ረቡዕ። የአልጋው ጎን ተጣብቋል፣ አይነካም። የመታጠቢያ ቤቱን አሮጌ መቃን ነቀልኩ። የጠዋቱንም የምሳውንም ሰዓት ፈጀ። አባዬ ምስማር ላይ ስስት አያውቅም።

"ሐሙስ። አንዲት ደንበኛ 'ፀጉርሽ ላይ ምንድን ነው?' አለችኝ። ሰጋቱራ ነበር። አዲስ ፋሽን ነው አልኳት። የት እንደሚሠሩት ጠየቀችኝ።"

ብቻዬን ነበርኩ ብልህ ውሸት ነው። ጎረቤታችን፣ ጡረተኛው አናጢ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ጎደለ ብለው ቀኑን ሙሉ ስለሚነዘንዙ አንተ ጋሽ ሚሊ ብለህ ስም ያወጣህላቸው፣ በየቀኑ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ይቀመጡ ነበር። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መጋዝ አይዙም። ዓይናቸውና ምላሳቸው ግን ደህና ናቸው።

በአሥራ አራተኛው ቀን የመታጠቢያ ቤቱን በር ልገጥም አነሳሁት። አልገባም። ተውኩትና ወደ አልጋው ሄድኩ፤ አሥራ ሁለቱን ርብራብ አንድ በአንድ ሞከርኩ። አንዱም አልገባም። ዊልቸር ከጤና ጣቢያው ተውሼ ስለነበር አልጋው አጠገብ አስጠጋሁት። እኩል ናቸው ያልኩት አራቱ እግሮች፣ እኩል ረዝመው ነበር። ሁሉም በአንድ አውራ ጣት ልክ።

"ሜትሩ የተበላሸ ነው" አልኩ።

"ሜትር አይዋሽም። እስቲ ለኪና ልይሽ" አሉ ጋሽ ሚሊ።

ሜትሩን ጣውላው ላይ ዘረጋሁ። ቁጥሩ ላይ ስደርስ አውራ ጣቴን አሳረፍኩና ከጣቴ ማዶ አሰመርኩ።

"ምን አደረግሽ?"

"ለካሁ።"

"ጣትሽስ እዚያ ምን ይሠራል?"

ጣቴን አየሁት። አባዬ፣ ጨርቅ ስለካ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ አውራ ጣት ጨምሬ ነው የምቆርጠው። ምራቂ ነው፤ ደንበኛ የምትመለሰው በእሱ ነው። እጄ እኔን ሳያማክር ለጣውላውም መረቀለት።

ጋሽ ሚሊ እስኪያስላቸው ሳቁ። "አንቺ ነጋዴ! ጣውላው ነገ ዘመዶቹን ይዞ ሊመጣልሽ ነው?"

"ጋሼ፣ አይሳቁብኝ። አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረኝ።"

"ታዲያ ምን ሆንሽ? የረዘመ ይቆረጣል፣ የሰፋ ይላጋል። ቢያጥር ኖሮ አብሬሽ አለቅስ ነበር። ስስታም ነጋዴ ብትሆኚ አልቆልሽ ነበር፤ ተመስገን በይ።"

ረጅሙን መላጊያህን አወረድኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ይህንኑ መላጊያ ልይዝ ስጠይቅህ "አንቺ እጅሽ የጨርቅ እጅ ነው" ብለህ ለወንድሜ እንደሰጠኸው ታስታውሳለህ? እሱ እግሩ ላይ ጣለው። አንተ በክፋት አላልከውም፤ እኔም ጨርቅ ነጋዴ ሆኜ ጥሩ ኖሬአለሁ። ግን ቃሉ አልወጣልኝም ነበር። ሦስት ቀን ላግኩ። በመጀመሪያው ቀን እንጨቱን ቧጠጥኩት። በሁለተኛው ቀን መላጊያው ድምፁን ለወጠ፣ ስስ ልጣጭ እንደ ጥብጣብ እየተጠቀለለ ወጣ። ጋሽ ሚሊ አንዱን አንስተው በብርሃን አዩት። ምንም አላሉም። የእሳቸውን ዝምታ ዋጋ አንተ ታውቀዋለህ።

እዚያ ቆሜ ስልግ አንድ ነገር ልነግርህ ወሰንኩ። ጣሪያ ላይ የወጣኸው የእኔ ሱቅ አፍስሶ እንደሆነ ታውቃለህ። የማታውቀው፣ በዚያው ጠዋት አንድ ሠራተኛ መጥቶ "እኔ ልድፈነው" ብሎኝ እንደነበር ነው። "አባቴ እያለ ሌላ ሰው አይነካውም" ብዬ መለስኩት። የመለስኩት በኩራት ነው። አንተን ስትሠራ ማየት ስለምወድ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ ብዬ ላስቸግርህ አይደለም፤ አንተ እንዴት እንደምትመልስ አውቃለሁ። ሳታውቀው እንዳትኖር ብቻ ነው።

በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ በሩ ገጥሟል፣ አልጋው ቆሟል፣ መደገፊያው ታስሯል፣ ደፉ የለም። የቀለም ብሩሽ እያጠብኩ ሳለ ወንድሜ አራት ቀን ቀድሞ ከማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ጋር ከተፍ አለ።

"ጥሩ ጊዜ መጣህ" አልኩት። "ተቀመጥ።"

"ምን ላይ?"

"ዊልቸሩ ላይ። ከግቢው በር ጀምር። እግርህን እንዳታነሳ።"

"አብደሻል እንዴ? ሰው ይዤ መጥቼ..."

"ይቀመጡ እንጂ" አለ ሰውዬው። "እኔም በዚያው ቤቱን አያለሁ።"

ወንድሜን የመረጥኩት በተንኮል አይደለም። ቁመቱ ያንተ ነው፣ ክንዱ ያንተ ነው፤ ቢሮ ትንሽ አለስልሶት እንጂ። ተዳፋቱ ላይ አለከለከ፣ ግን ወጣው። ሳሎኑን አለፈ፤ ደፉ የነበረበትን ቦታ ዞር ብሎ ፈለገው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ቆየ። ከፍቶ ሲወጣ ፊቱ ሌላ ነበር። ወርክሾፑ ውስጥ ገብቶ ጠረጴዛህ ፊት ዊልቸሩን አቆመ። የጠረጴዛው ጠርዝ ደረቱ ላይ መጣ።

"ይኸው" አለ ቀስ ብሎ። "እዚህ ደርሶ ምን ሊሠራ ነው? አገጩን ሊያስደግፍ?"

ጠረጴዛውን መጨረሻ ላይ ያስቀረሁት በዕቅድ እንደሆነ ለጋሽ ሚሊ ነግሬአቸው ነበር። ዕቅድ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። እግሮቹን ማሳጠር እንዳለብኝ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ፤ አንተ ጠርበህ ያቆምከው ላይ መጋዝ ላሳርፍ ስል እጄ ይመለስ ነበር። ያን ጊዜ ግን ተከራዩ ቆሞ ግድግዳውን በዓይኑ እየለካ ነው። መጋዙን አነሳሁ። ተንበርክኬ የፊተኛው እግር ላይ አሰመርኩ። አንዴ ሳብኩት።

"ቆይ!" አለ ወንድሜ። ከዊልቸሩ ዘሎ ተነስቷል። "አትቁረጪው!"

"ልትሸጠው አልነበር?"

"መሸጥ ሌላ፣ መቁረጥ ሌላ!"

ተያየን። እሱ መጋዙን ይዟል፣ እኔ እጀታውን ይዣለሁ። በዚያ መሃል ነው የታየኝ።

"እኔ ሱቅ ውስጥ ከባንኮው ኋላ ምን ላይ ነው የምቆመው?" አልኩት።

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? መሬት ላይ ነዋ።"

"ሳጥን ላይ። ባንኮውን ያሠራው ረጅም ሰው ነበር፤ እኔ ሳጥን አስገባሁ። ጠረጴዛውን አናወርደውም። ወለሉን እናነሳዋለን።"

ጋሽ ሚሊ በርጩማቸውን ጥለው ተነሱ። ከበሩ ጀምሮ በሦስት ሜትር ውስጥ ቀስ እያለ የሚወጣ፣ ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የሚስተካከል የጣውላ መድረክ፣ ዳር ዳሩ ላይ ጎማ እንዳያመልጥ ከንፈር ያለው። በእርሳስ ግድግዳው ላይ ሣሉት፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ባሕር መሰለ። "ስትሠሩት ግን ቀጥ ይበል!" አሉን።

የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ባርኔጣውን አደረገ። "ወዳጄ፣ ይሄ ቤት ባለቤት አለው" ብሎ ሄደ። ወንድሜ አልጠራውም። ኮቱን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለ።

ስለዚህ አራት ቀን ሙሉ "ቢሮ ሥራ በዝቶ ነው" ሲልህ የነበረው ውሸት ነው። መዳፉን አገላብጠህ እይ። ውሃ ልክ ሲያነብ እንደ አንተ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እሱ ግን አያውቀውም። እኔ አዛዡ ነበርኩ። "አንዱን ሳልጨርስ ሌላ አትስጪኝ" ሲለኝ "የአባትህ ልጅ! ኮላው እስኪደርቅ ቆመህ ልታየው ነው? ሂድ ከንፈሩን ላግ" እለው ነበር። አንዴ ተጣላን፣ ሁለቴ ሳቅን። ከሕፃንነታችን ወዲህ ይህን ያህል ጊዜ አብረን አልዋልንም።

ዛሬ ዓርብ ነው። ወንድሜ በድጋሚ ተቀመጠ። ጋሽ ሚሊና እኔ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን ተከተልነው። ተዳፋቱን ወጣ፣ ሳሎኑን አለፈ፣ መድረኩን ወጣ። ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር ገባ፣ ክርኑ ከላይ በልኩ አረፈ። እንጨት መያዣ ሞርሳህን አንዴ ከፈተ፣ አንዴ ዘጋ። "ማንም አልነካኝም" አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ እኛም አላየንም። ጠረጴዛህ እግሩ ላይ ከአንዲት የመጋዝ ጭረት በቀር እንደ ተውከው ነው። እሷ የእኔ ናት።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ እሱ ነው። እሑድ ጠዋት እንመጣለን። ከሦስተኛ ፎቅ እንሸከምሃለን፤ በዚያ አትከራከረን፣ የሰው ደረጃ ነውና ልናፈርሰው አንችልም። ከግቢህ በር ጀምሮ ግን ማንም አይነካህም።

አንድ ነገር አልሠራሁም። አልጋህ ራስጌ የለውም። ጊዜ አጥሮኝ አይደለም፤ ከእኔ ይልቅ አንተ ብትሠራው ስለሚያምር ነው። ጣውላው ተመርጦ ሞርሳህ ውስጥ ተይዟል፣ መሮዎችህ ተስለዋል። ሰኞ ጠዋት ሥራ አለህ፣ አባዬ። እንዳታረፍድ።

አንተን በሥራ ላይ ለማየት የቸኮለች፣
ልጅህ